ቡርጎኝ በኩለር

ወንድሜ ብሩክ ከመሞቱ በፊት በነበረው የመጨረሻ ደህና ቀን፣ እሑድ ከሰዓት በኋላ፣ እኔ እርጥብ ካርቶን እያሸተትኩ ነበር።

ይህን ስጽፍ ራሴም አፍራለሁ። ሰው የወንድሙን የመጨረሻ ቀን ሲያስታውስ ቁም ነገር ነው የሚያስታውሰው። «እንዲህ ብሎ መከረኝ፣ እንዲህ ብሎ አደራ አለኝ» ይላል። ብሩክ እኔን ያለኝ «አፍንጫህን በደንብ ክተተው» ነው። ካርቶኑን ያመጣሁት ፖላሪስ ውስጥ ዕቃ ከምደረድርበት መደብር ነው። እሱ ውሃ ውስጥ ነክሮ፣ ሳህን ላይ አድርጎ፣ በክብር አቀረበልኝ። ከካርቶኑ ቀጥሎ እንጉዳይ ነበር። ከእንጉዳዩ ቀጥሎ የገዛ የሥራ ጫማዬ ነበር።

«ምን ይሸትሃል?» አለኝ።

«ጫማ።»

«እሱማ ጫማ ነው። ምን ዓይነት ጫማ?»

«የኔ ጫማ።»

ዶሮ ማንበብ እንደሚያስተምር ሰው አየኝና ራሱን ነቀነቀ።

ከመጀመሪያው ላስረዳ። ብሩክ ኮሎምበስ፣ ኦሃዮ፣ ሀብታሞቹ በሚኖሩበት አፐር አርሊንግተን ውስጥ አስተናጋጅ ነበር። አስተናጋጆቹ ክንዳቸው ላይ ነጭ ጨርቅ ጣል የሚያደርጉበት ዓይነት ሬስቶራንት ነው። እዚያ ሲሠራ ወይን ያዘው። ጠጪ ሆነ ማለቴ አይደለም። ጠጪ ቢሆን ይሻለን ነበር፤ ጠጪ ሲደክመው ይተኛል። ብሩክ ወይን ማጥናት ጀመረ። ፈተና አለው አሉ። ፈተናውን ያለፈ ሰው ሀብታሞች መሀል እየተዘዋወረ «ይህን ጠጡ፣ ያንን ተዉ» ይላል፣ እነሱም ይታዘዙታል። ሀብታም በዚህ ዓለም ላይ የሚታዘዘው ለሐኪሙና ለወይን መራጩ ብቻ ነው ይል ነበር ብሩክ፤ ሐኪሙንም አንዳንዴ አይሰሙትም።

ከወይን ሁሉ ደግሞ የያዘው ቡርጎኝ ነው፤ የፈረንሳዩ። ሊንደን ባለው ቤታችን፣ ወጥ ቤቱ ግድግዳ ላይ፣ ሌላ ሰው ካላንደር በሚሰቅልበት ቦታ የቡርጎኝን ካርታ ለጠፈ። ከላይ ወደ ታች የወረደ ቀጭን ነገር ነው፤ የተሰቀለ ቋንጣ ይመስላል። ቋንጣው ላይ መንደሮች ተጽፈዋል። ብዙ መንደሮች። እኔ ቁርስ በበላሁ ቁጥር ዓይኔ እዚያ ላይ ነው፤ ኮሎምበስ ውስጥ መንገድ እየጠፋኝ የፈረንሳይን መንደር ግን በዓይኔ አውቀው ነበር።

«ስማ» አለኝ በዚያ እሑድ፣ ጫማዬን ከጠረጴዛው ላይ አንስቶ። «ቀዩ ወይን በሙሉ ማለት ይቻላል አንድ ዓይነት ፍሬ ነው፤ ፒኖ ኗር። ነጩም ከጥቂቱ በቀር አንድ ዓይነት ነው፤ ሻርዶኔ።»

«አንድ ከሆነ ታዲያ ምን ያከራክራችኋል?»

«መሬቱ! ጠርሙሱ ላይ የሚጻፈው የፍሬው ስም አይደለም፣ የቦታው ስም ነው። ኦሃዮን አስብ። ‹ቡርጎኝ› ብቻ ካለ፣ ‹ኦሃዮ ነው የምኖረው› እንደ ማለት ነው። የመንደር ስም ከጻፈ፣ ‹ኮሎምበስ ነኝ› አለህ። ፕሪምዬ ክሩ ካለ፣ ‹አፐር አርሊንግተን ነኝ› አለህ። ግራን ክሩ ካለ ደግሞ፣ ‹አፐር አርሊንግተን፣ ትልቁ ዛፍ ያለበት መንገድ፣ በስተቀኝ ሦስተኛው ቤት› ማለቱ ነው። መንገድ በተሻገርክ ቁጥር ዋጋው ይለወጣል።»

«እኛስ?»

«እኛማ ሊንደን ነን። ግን ልብ በል፤ የሊንደን ጎበዝ ገበሬ ከአፐር አርሊንግተን ሰነፍ ገበሬ ይበልጣል። ስለዚህ ከመንደሩ በፊት ስለ ገበሬው ትጠይቃለህ።»

ይህን ሲል ስልኩ ጮኸ። ጋሼ ታደገ ናቸው። ጋሼ ታደገ የዕድራችን ሊቀመንበር ናቸው፤ ኤርፖርት ታክሲ ይነዳሉ። ስልክ የሚይዙት ለወጉ ነው እንጂ ድምፃቸው ያለ ስልክም ይደርሳል። ልጃቸው ሊዲያ አንድ አሜሪካዊ ልታገባ ነው። የእጮኛዋ አባት በየዓመቱ ቡርጎኝ እየሄደ ወይን የሚቀምስ ሰው ሆኖ ተገኘ። ጋሼ ታደገ ደግሞ ይህን ሰው ቤታቸው ምሳ ጋብዘውታል።

«ብሩኬ! ያ ሰውዬ ወይን አዋቂ ነው አሉ። እኔ ደግሞ በቤቴ አላፍርም። ‹የኛ ልጅ አለ፣ እሱ ነው የሚመርጠው› ብዬ ተናግሬአለሁ። አሥራ ሁለት ጠርሙስ፣ ከዚያው ከሰውዬው መንደር!»

«ጣጣ የለውም ጋሼ፣ እኔ እመርጣለሁ። ቃሌ ነው።»

ስልኩን ዘጋና ከአንድ ጠርሙስ ትንሽ ቀዳልኝ። «በል አሽትና አንድ ነገር በለኝ። አንድ ብቻ።»

አሸተትኩ። በእውነት ሞከርኩ።

«ወይን ወይን ይሸታል» አልኩት።

ማቀዝቀዣውን ተደግፎ ሳቀ። እንባው እስኪወርድ ሳቀ። «በቃ፣ ነገ እንቀጥላለን» አለኝ።

ሰኞ ሥራ ሄደ። ጠረጴዛ እያሰናዳ ሳለ ልቡ ቆመ። ሠላሳ አንድ ዓመቱ ነበር። ስለዚያ ቀን ከዚህ በላይ ለመጻፍ ሞክሬ አልቻልኩም። ስለ ወይኑ ልቀጥል።

በእኛ ሰው ዘንድ ሙያ በደም ይወርዳል። መካኒክ የሆነ ወንድም ካለህ፣ አንተ ፀጉር ቆራጭ ብትሆንም ሰው መኪናውን አስነስቶ «እስቲ ስማት» ይልሃል። ነርስ ያገባ ሰው ደም ግፊት ይጠየቃል። ይህን አውቅ ነበር። ግን እኔ ላይ ይደርሳል ብዬ አላሰብኩም። ለቅሶው ላይ፣ በሦስተኛው ቀን፣ አንድ የማላውቀው ሰው አጠገቤ ተቀምጦ ዓይኑን በመሐረብ ጠረገ። ደጋግሞ «እግዚአብሔር ያጽናህ» አለኝ። ከዚያ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ፦

«ይቅርታ አድርግልኝና… ከዶሮ ጋር የሚሄደው ነጩ ነው ቀዩ?»

ከአርባው በኋላ ጋሼ ታደገ መጡ። ምሳው በለቅሶው ምክንያት ተላልፎ ነበር። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ነበር፤ ዝቅ ብሎ ታች ያሉት ጎረቤቶች ብቻ ሰሙት።

«እንግዲህ ልጄ፣ ሰውየው የፊታችን እሑድ ይመጣል። ወይኑን አንተ ነህ የምትመርጠው።»

«ጋሼ፣ እኔ እኮ ስለ ወይን የማውቀው ነገር የለም።»

«ወንድሙ አይደለህም?»

«ነኝ።»

«አንድ ቤት አይደል የኖራችሁት?»

«ነው፣ ግን…»

«ካርታው እዚህ ተሰቅሎ የለም?» ካርታውን በጣታቸው መቱት። «ፊትህ ተሰቅሎ እያየህ አላውቅም ትለኛለህ!»

«ከመደብር ሰው ጠይቀን ብንገዛስ?»

ዝም አሉ። ጋሼ ታደገ ዝም ሲሉ አይቼ ስለማላውቅ ደነገጥኩ።

«መግዛቱንማ እኔም እገዛለሁ» አሉ በኋላ። «ልጁ ‹ቃሌ ነው› ብሎኛል። ለሰውዬውም ብሩክ ነው የመረጠው ብዬ ነው የማቀርበው። ቃሉ ወድቆ እንዲቀር አልፈልግም።»

እንቢ ማለት አቃተኝ። ብሩክ ከሄደ በኋላ ብዙ ነገር ሳይጨረስ ቀርቷል፤ ፈተናው፣ የእኔ ትምህርት፣ የገዛው ሩዝ። ከነዚያ ሁሉ ሰው ሊጨርስለት የሚችለው ይህን አንዱን ነበር። ሰውየው ወይኑን ጠጥቶ ፊቱን ቢያጨፈግግ፣ ፊቱን የሚያጨፈግገው ብሩክ ላይ ነው።

የብሩክን የወይን ደብተር ያን ዕለት ከፈትኩት። ሬስቶራንቱ ከሽርጡ ጋር አጣጥፎ የላከልኝ ነው፤ እስከዚያ ቀን የእጅ ጽሑፉን ማየት ፈርቼ አስቀምጬው ነበር። የጠበቅሁት ትምህርት ነው። ያገኘሁት ሰው ነው። ብሩክ መንደሮቹን ማስታወስ ሲያቅተው፣ ለእያንዳንዱ መንደር ከዕድራችን አንድ ሰው ሰይሞለታል!

«ፖማር፦ ጋሼ ታደገ። ወጣት ሳሉ ይጮኻሉ፣ ጥርስ ይይዛሉ። አሥር ዓመት ለታገሣቸው ለስላሳ ሰው ይወጣቸዋል።»

«ቮልኔ፦ እትዬ ዘውዴ። ከፖማር አጥር ተጋርተው ይኖራሉ። ድምፃቸው ቀጭን ነው። ከክፍሉ ከወጡ በኋላ ግን ሽታቸው ይቀራል።»

እትዬ ዘውዴ የጋሼ ታደገ ባለቤት ናቸው። ትልልቆቹን ወይን አድርጎም አንቱ እያለ ነው የጻፈው፤ ብሩክ ጨዋ ልጅ ነበር።

«ሻብሊ፦ የዕድሩ ገንዘብ ያዥ። ነጭ፣ ቀዝቃዛ፣ ቀጥ ያለ። የኖራ ድንጋይ ይሸታል። ፈገግታ የለውም፣ ውሸትም የለውም።»

«መርሶ፦ ሠርግ የሚመራልን ሰውዬ። ቅቤ፣ ለውዝ፣ ሰፊ ወገብ። ሲገባ ቤቱ ይሞላል።»

እያነበብኩ ሳቅሁ። ከአርባ ቀን በኋላ የመጀመሪያዬ ነበር፤ ድምፁ የሌላ ሰው መስሎኝ ዞር ብዬ አየሁ።

ቅዳሜ ጠዋት ሰዒድ በመኪናው ወደ ፖላሪስ ወሰደኝ። ሰዒድ የወሎ ልጅ ነው፤ ዕቃ እያመላለሰ ይኖራል፤ የብሩክ የቅርብ ጓደኛ ነበር። ወይን በአፉ ዞሮ አያውቅም። ብሩክ ግን አፍንጫውን ያምንበት ነበር፤ ቅመሙን፣ አበባውን፣ ቆዳውን ሁሉ የሚያሸተው ለሰዒድ እየሰጠ ነው። «ስለማይጠጣ አያዳላም» ይለው ነበር።

«እኔ ከመኪናዬ አልወርድም» አለ ሰዒድ ከወይን መደብሩ ፊት ፓርክ አድርጎ። «በመስኮትም አላይም። ግባ፣ ውጣ።»

ገባሁ። መደርደሪያው እስከ ጣሪያ ነው። ቡርጎኝ የሚለው ክፍል ብቻ የእኛን ሳሎን ያክላል። ደብተሩን ለማውጣት እጄን ኪሴ ስከት የለም። መኪናው ውስጥ ረስቼዋለሁ። ሰዒድ ጋ ደወልኩ።

«ሰዒዶ፣ ደብተሩ ወንበሩ ላይ ነው። አምጣልኝ።»

«አልገባም አልኩህ እኮ! ካስፈለገህ አነብልሃለሁ።»

እንዲህ ሆኖ፣ ስልኩ ጆሮዬ ላይ፣ ሻጩ ፊቴ ቆሞ፣ ነገሩ ተጀመረ። ሻጩ ቀጭን፣ ዝምተኛ ሽማግሌ ነው። ምን ልርዳህ አለኝ። የእኔ እንግሊዝኛ ሳጥን ቁጥር ለመናገር ይበቃል እንጂ ለወይን አይበቃም። የመንደሩ ስም ደግሞ በድንጋጤ ጠፍቶብኛል። ስለዚህ ሰዒድ በጆሮዬ የሚያነበውን እንዳለ መተርጎም ያዝኩ።

«አንድ ሽማግሌ ነው የምፈልገው» አልኩት። «ወጣት ሆነው የሚጮኹ። ጥርስ የሚይዙ። ከአሥር ዓመት በኋላ የሚለሰልሱ።»

ፖሊስ ይጠራብኛል ብዬ ጠበቅሁ። ሰውየው ግን ዓይኑን እንኳ አላርገበገበም።

«ፖማር» አለና ተከተለኝ ብሎኝ ሄደ።

ለካ እነሱም እንደዚሁ ነው የሚያወሩት! ልቤ ተመለሰ። «ሚስታቸውም ትፈለጋለች» አልኩት። «ድምጿ ቀጭን ነው፣ ስትወጣ ሽታዋ ይቀራል።» ወዲያው እጁን ወደ ጎን ዘርግቶ ቮልኔን አወረደ። «አንድ ቀጥ ያለ፣ ፈገግታ የሌለው ገንዘብ ያዥ» አልኩ፤ ሻብሊ መጣ። «ሰፊ ወገብ፣ ቅቤ» አልኩ፤ መርሶ መጣ። ፀጉር ቆራጫችን «ዠቭሬ፦ ሥጋ፣ ጭስ፣ የቆዳ ጃኬት» ተብሎ ተጽፏል፤ እሱም መጣ። ብሩክ ያለውን አስታውሼ ስለ እያንዳንዱ ገበሬ ስጠይቅ ሽማግሌው ፊቱ በራ። ስለ አንደኛው ብዙ አወራኝ፤ መሬቱን በፈረስ ነው የሚያርሰው አለኝ፣ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ። በፈረስ ማረስ እንደዚህ የሚያስከብር ከሆነ እኛ በበሬ ስናርስ የኖርነው ምን ሊባል ነው ብዬ አሰብኩ፤ ግን ዝም አልኩ።

በዚህ መሀል ስልኩ ውስጥ ጸጥ አለ።

«ሰዒድ? ሰዒዶ፣ አለህ?»

«እኔም አለሁበት» አለኝ።

«የት?»

«ደብተሩ ላይ! ወላሂ እኔንም ወይን አድርጎኛል! ‹መርኩሬ፦ ሰዒድ› ይላል። ሐራም እኮ ነው፣ ምን ነካው ይኼ ልጅ!»

«ምን ብሎ ነው የጻፈው?»

«‹ሐቀኛ። ስሙ የማይጮህ። ከታዋቂዎቹ ጋር ያልተቀመጠው ሰው ስላላወቀው ነው። ቤት ውስጥ ሳይኖር መዋል የለበትም።›» ደግሞ ለራሱ አነበበው። «ጥሩ ጽፏል። ግን ሐራም ነው።»

«ልግዛው አልግዛው?»

«እኔን ነው የምትጠይቀኝ?… ሁለት ያዝ።»

ከዚያ ሳቅ አፈነው። «አንተም አለህ ለካ! ‹አሊጎቴ፦ ወንድሜ።›»

«ምን ይላል?»

«‹ርካሽ› ብሎ ይጀምራል።»

«ቀጥል።»

«‹ኮምጣጣ። ከሻርዶኔ ሌላ ነጭ እንዳለ የሚያስታውስ ሰው ስለሌለ፣ ይረሳል። ብቻውን አይጠጣም። ምግብ መሀል ሲገባ ግን ያለ እሱ ማዕዱ አይሞላም።›»

ሻጩን አሊጎቴ እንዲያመጣልኝ ጠየቅሁት። ከታችኛው መደርደሪያ፣ ጎንበስ ብሎ፣ አቧራውን ጠርጎ አመጣት። አሥራ ሁለተኛዋ ጠርሙስ እኔ ሆንኩ።

ጠርሙሶቹን ያን ዕለት ለእትዬ ዘውዴ አስረከብኩ። ጥፋቴ እዚህ ላይ ነው። ስለ ወይኑ ሁሉን ነገርኳቸው፤ ነጩ ይቀዝቅዝ፣ ቀዩ ቀደም ብሎ ይከፈትና ይተንፍስ አልኳቸው። ስለ እትዬ ዘውዴ እንግዳ አቀባበል ግን ራሴን አላስታወስኩትም።

እሑድ ስደርስ ሰዒድም አብሮኝ አለ። እሱ ሊያደርሰኝ ብቻ ነበር፤ እትዬ ዘውዴ ግን በር ላይ ይዘው አስገቡት፤ የጾም ምግብ ለብቻው ሠርተውለታል፤ ፋንታም ገዝተውለታል። ጠረጴዛው ሞልቷል። ከጠረጴዛው ጫፍ ላይ፣ በነጭ ጨርቅ፣ ዕድሩ ለድግስ ሁሉ የሚጠቀምበት ቧንቧ ያለው ትልቁ ብርቱካንማ የመጠጥ ማቀዝቀዣ፣ ኩለሩ፣ ተቀምጧል። ከጎኑ ባዶ ጠርሙሶች ተሰልፈዋል። ቆጠርኩ። አሥራ አንድ።

«እትዬ፣ ወይኑስ?»

«አስተነፈስኩታ! አንተው አይደለህ ይተንፍስ ያልከው?» አሉና የኩለሩን ክዳን አነሱ። «እዚህ ውስጥ እንደ ልቡ ይተነፍሳል።»

«ሁሉንም አንድ ላይ?»

«ታዲያ እንግዳ ፊት አንዱን ጠርሙስ እየጠበቅሁ፣ ሌላውን እየከፈትኩ ልቅዳ? ስስታም ይበለኝ? እኔ ቤት እንግዳ ራሱ ከፍቶ፣ ራሱ ቀድቶ፣ እስኪበቃው ነው።»

«ነጩንም?»

«ቀዩ በዛና ጠቆረብኝ። ቀለሙ ይሳሳ ብዬ። በረዶም ጨምሬበታለሁ።»

ሰዒድ ኩለሩን ከሩቅ አየና «ኢና ሊላሂ» አለ ቀስ ብሎ።

«አንዷስ? አሥራ ሁለት ነበሩ።»

«እሷ ኮምጣጤ ናት፤ ቀምሻታለሁ። ሰላጣው ላይ አድርጌአታለሁ።»

እዚያው እንደቆምኩ የበሩ ደወል ጮኸ።

የእጮኛው አባት ሚስተር ዴኒስ ጡረታ የወጣ የጥርስ ሐኪም ነው። ሰው ሲስቅ መጀመሪያ ጥርሱን ያያል። ልጁንና ሊዲያን አስከትሎ ገባ፤ በእጁ የመሣሪያ ሳጥን የሚመስል ነገር ይዟል። ሲከፍተው ውስጡ ስፖንጅ ነው፤ ስፖንጁ ውስጥ የገዛ የወይን ብርጭቆው ተኝቷል። ሰውየው ለብሩክ ምርጫ ከአፐር አርሊንግተን ድረስ ብርጭቆ ይዞ መጥቷል።

ጋሼ ታደገ በኩራት ክንዱን ይዘው ወደ ኩለሩ ወሰዱት። ብርጭቆውን ራሳቸው ተቀብለው ቧንቧው ሥር አደረጉና ከፈቱት። ሮዝ ነገር ወረደ። አንድ በረዶ ቧንቧው ላይ ተሰንቅሮ ነበር፤ ጋሼ ኩለሩን በመዳፋቸው ሲመቱት ተለቀቀ።

«ዳድ፣ ፕሊስ» አለች ሊዲያ። ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች።

ሚስተር ዴኒስ ብርጭቆውን ብርሃን ላይ አነሳው። ከየትኛው መንደር ነው ብሎ ጠየቀ። ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። ጋሼ ታደገ በዓይናቸው «በል እንጂ» አሉኝ።

የፖማርን ስም መጥራት እችል ነበር። ዝም ብዬ አንድ ስም ብጠራ ጋሼ ይተርፋሉ። ግን ውሸቱ የሚለጠፈው ብሩክ ላይ ነው። ብሩክ ደግሞ በወይን ዋሽቶ አያውቅም፤ ለሀብታም እንኳ።

«ሁሉም ናቸው» አልኩት። «አሥራ አንድ ጠርሙስ። ስድስት መንደር። ቀይና ነጭ። እዚያ ውስጥ ናቸው።»

ልጁ አባቱን ሊይዝ የተዘጋጀ ይመስል ጠጋ አለ። ሚስተር ዴኒስ ኩለሩን አየ፤ ጠርሙሶቹን አንድ በአንድ አየ፤ ሻጩ የነገረኝን የባለፈረሱን ገበሬ ጠርሙስ ሲያይ እጁን ደረቱ ላይ አደረገ። ከዚያ ዓይኑን ጨፍኖ ጠጣ። አላፊ ሰው አስከሬን ፊት እንደሚቆመው ትንሽ ቆመ።

«ብዙ ዓመት ተመላልሼአለሁ» አለ በመጨረሻ። «እንዲህ ያደረገኝ ሰው የለም። ለምን?»

ይህን በእንግሊዝኛ ማስረዳት ከአቅሜ በላይ ነበር። ደብተሩን ከኪሴ አወጣሁ። እኔ አነብባለሁ፣ ሊዲያ በጣቶቿ መሀል እያየች ትተረጉማለች። ፖማር ጋ ስንደርስ ትርጉሟን አቋርጣ በሳቅ ወደቀች።

«ምንድን ነው?» አሉ ጋሼ ታደገ። «እኔ ጥርስ እይዛለሁ? ማን ነው ያለው?»

«ልክ ነው» አሉ እትዬ ዘውዴ። «አሥር ዓመት ያለው ብቻ አልገባኝም። ሠላሳ ዓመት ታግሼ ገና ነዎት።»

ሚስተር ዴኒስ ጋሼ ታደገን አየ፤ ጥርሳቸውንም አየ። ተመልሶ ሄዶ ቀዳ። አሁን በሌላ ዓይነት ጠጣ፤ ሰው ፈልጎ። «አገኘኋቸው» አለ ጣቱን አንስቶ። «ከኋላ ናቸው። እየመጡ ነው።»

«መጣሁ በለው!» አሉ ጋሼ።

ከዚያ በኋላ ምሳው ምሳ መሆኑ ቀረ። ሁሉም ራሱን ፍለጋ ኩለሩ ጋ ተሰለፈ። እትዬ ዘውዴ «እኔ አልታየሁም፣ ይኼ ሰውዬ ውጦኛል» እያሉ ደግመው ቀዱ። ገንዘብ ያዡ እዚያ ባይኖርም ሚስተር ዴኒስ «አንድ ቀጥ ያለ ድንጋይ የሆነ ሰው አለ፣ ሁሉን ይቆጣጠራል» አለና ሁላችንም አጨበጨብን። ሰዒድ ፋንታውን ይዞ መርኩሬው ተገኘ ወይ ብሎ በየደቂቃው ይጠይቃል። ሰውየው ሰላጣውንም ሦስት ጊዜ አነሳ፤ ምን ገብቶበት ነው እንደዚህ ሕያው የሆነው ሲል፣ ሰዒድ በጣቱ እኔን አሳየው።

ሳቁ ጋብ ሲል ሚስተር ዴኒስ ደብተሩን በአክብሮት ነካው።

«ወንድምህስ?» አለኝ። «እሱ የትኛው ነው?»

ገለጥኩ። እርግጠኛ ነበርኩ፤ የት እንዳለ አላየሁም እንጂ ይኖራል። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ገለጥኩ። ወደ ኋላ ተመለስኩ። ፀጉር ቆራጩ አለ፣ የሠርጉ ሰውዬ አለ፣ ስሟን የማላውቃት የቤተ ክርስቲያን በረኛ ሳትቀር አለች። ሁሉን ሰው መዝግቦ፣ ራሱን ረስቷል።

«የለም» አልኩ።

የኩለሩ ቧንቧ በደንብ አልተዘጋም ነበር፤ ጠብ ጠብ ይላል። ጋሼ ታደገ ተነሥተው ዘጉት። ወደ እኔ ሳይዞሩ፣ በማላውቀው ድምፅ፣ «ቃሉን ጠብቋል» አሉ። ለስላሳ ሰው ወጣቸው።

«ብላ ልጄ» አሉኝ እትዬ ዘውዴ፣ ሳህኔን እየሞሉ።

ስወጣም በባዶ እጄ አልላኩኝም። ኩለሩ ሥር የቀረውን በኮካ ጠርሙስ ሞልተው፣ ክዳኑን አጥብቀው፣ በፌስታል ሰጡኝ።

በማግስቱ ሰኞ ነው። ጠዋት ተነሥቼ ፊቴን ታጠብኩ። ሥራ ለመግባት ጊዜ ነበረኝ። የብሩክን ብርጭቆ ከቁም ሳጥኑ አውርጄ ከኮካው ጠርሙስ ትንሽ ቀዳሁና ካርታው ፊት ተቀመጥኩ። አፍንጫዬን በደንብ ከተትኩት።

መጀመሪያ የመጣው ኮካ ነው። ቀጥሎ ፕላስቲክ መጣ። ቆየሁ። እርጥብ ካርቶን መጣ፣ ወላሂ ልበል እንደ ሰዒድ። እንጉዳይ መጣ። ከዚያ ጫማ መጣ። ምን ዓይነት ጫማ? ዝናብ ውስጥ ውሎ የገባ፣ በር ላይ የወለቀ፣ ገና ያልደረቀ ጫማ።

ጮክ ብዬ ተናገርኩት። ማቀዝቀዣው ብቻ ሰማኝ።

ከዚያ ደብተሩን ባዶ ገጽ ላይ ከፈትኩ። ጽሑፌ እንደ እሱ አያምርም፤ ሁለት ጊዜ ሰርዣለሁ።

«ብሩክ፦ መንደሩ አይታወቅም። ሁሉም ሰው አለበት፣ ሰዒድ ሳይቀር። በረዶ ገብቶበታል። ልድገመው ቢሉ አይደገምም።»

ብርጭቆውን አጥቤ ደፋሁት። ጫማዬን አሸተትኩ፤ ልክ ነበርኩ። አደረግሁትና የክሊቭላንድ አቬኑን አውቶቡስ ለመያዝ ወጣሁ።